የዋልታ ነፋስና የአባ ጤፍ

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በሰፈሩ የስልኬ ኔትወርክ የሚሠራበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከፍ ያለው የአከራዬ ማማ። ለከተማ አንባቢ ልግለጽ፤ ማማ ማለት በአራት ረጃጅም ባላዎች ላይ የተረበረበ የእንጨት መቀመጫ ነው። በቆሎ ሲያሽት ዝንጀሮና ወፍ የሚጠብቅ ሰው ይወጣበታል። በቆሎው ሲሰበሰብ ማማው ሥራ ይፈታል። እኔ ሥራ አገኘሁለት።

አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት በነፃ በሚሰጠው ኮርስ ተመዝግቤ ነበር። ኮርሱ በምድር ዋልታ ላይ፣ በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ ስለሚነሱ የስበት ሞገዶችና እዚያው ስላለው የነፋስ ፍትጊያ የሚያስረዳ ነው። ምነው ይሄን መረጥክ ያላለኝ ሰው የለም። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሌሎቹ ኮርሶች ሞልተው ነበር። ከጀመርኩት በኋላ ግን ወደድኩት። የወደድኩትን ነገር ደግሞ ለሰው ሳላስረዳ አላድርም።

ቅርቤ ያሉት ሰዎች አከራዬና ባለቤታቸው ነበሩ። አከራዬ ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ መልስ ያርሳሉ። ሁሉም «አባ» ይላቸዋል፤ ባለቤታቸውን እኔ «እመይቴ» እላቸዋለሁ። ለአባ ያስረዳኋቸው በከብት ማጠጫው ገንዳ ነው። አንድ ቅል ወስጄ ውሃው ውስጥ ደፈቅሁትና ለቀቅሁት። ቅሉ ዘሎ ወጣ፤ ተመልሶ ወደቀ፤ እንደገና ተነሣ። በውሃው ላይ ክብ ክብ ሞገድ ተዘረጋ።

«አየርም እንዲህ ነው አባ» አልኩ። «ነፋስ ሄዶ የጮቄን ተራራ ሲገጭ ወደ ላይ ይገፋል። ስበት ይጎትተዋል፤ ከልኩ በላይ ይወርዳል፤ ደግሞ ይነሣል። ያ መነሣትና መውደቅ እንደ ሞገድ ወደ ላይ ይጓዛል። ላይ አየሩ ሲሳሳ ሞገዱ ይተልቃል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም መንገድ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ወደ ሰማይ ቢቆም በሚደርስበት ከፍታ ላይ ሞገዱ ይሰበራል። ዋልታው ላይ ፀሐይ ጨርሳ በማትጠልቅበት ወራት ይሄ ስብራት አየሩን እያነሣሣ ያቀዘቅዘዋል። በምድር አየር ውስጥ እንደዚያ የሚቀዘቅዝ ቦታ የለም።»

«ቆይ እስቲ» አሉ አባ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚበርደው?»

«አዎ አባ።»

«ፀሐይ በማትወጣበት ወራትስ?»

«ያኔ ይሻለዋል።»

አባ ቅሉን ከውሃው አወጡት። «ይሄስ ቅኔ ነው» አሉ። «ሰሙን ነግረኸኛል። ወርቁን ገና አልነገርከኝም።»

ለእመይቴ ደግሞ ፍትጊያውን ማስረዳት ነበረብኝ። የነፋስ ፍትጊያ የምለው፣ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ነፋሱ ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም ሲለውጥ፣ የላዩና የታቹ የሚተሻሹበትን ነው። «የፍኖተ ሰላምን ዋና መንገድ ያስቡት» አልኳቸው። «ጋሪው ዳሩን ይዞ ቀስ ይላል። ባጃጁ አጠገቡ ይሽሎከለካል። የጭነት መኪናው መሐሉን ይዞ ይከንፋል። ሁሉም በየመስመሩ ቢሄድ ሰላም ነው። ጠቡ የሚነሣው ሁለት መስመሮች በሚተሻሹበት ላይ ነው።»

«እሺ፣ እዚያ ላይ ትራፊኩ ማነው?»

«ትራፊክ የለም እመይቴ።»

«ታዲያ መላው የጠፋ አገር ነዋ» አሉና ሽሮ ጨመሩልኝ።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ነገሩ የከረረው በታኅሣሥ ነው። የአባ ነጭ ጤፍ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በሬዎች አበራይተውት በአውድማው መሐል ከነእብቁ ተቆልሎ ነበር። የዓመት ቀለባቸውም የከርሞ ዘራቸውም እሱ ነው። የቀረው ማዝራት ብቻ ነበር። ማዝራት ደግሞ ነፋስ ይፈልጋል፤ ምርቱን በእንጨት አካፋ፣ በላይዳ፣ ወደ ላይ ሲበትኑት ነፋሱ እብቁን ወስዶ ጤፉን መሬት ይጥለዋል። ነፋስ ከሌለ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ሰው ሲበትነው ቢውል ሥራው አይቀንስም።

ነፋስ አልነበረም። የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። አባ እንደ አባታቸው ደንብ በአውድማው ዳር ቆመው ለነፋስ አፏጩ። ቄስ ሲያፏጭ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከትተው ነው የሚያፏጩት። ነፋሱ አልመጣም። በምዕራብ በኩል ግን ወቅቱን ያልጠበቀ ደመና በየቀኑ እየከበደ ይመጣ ጀመር። የተበራየ ጤፍ ዝናም ካገኘው ይበቅላል፤ ይጠቁራል። አባ ደመናውን አያዩትም ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቆማሉ።

ከአውድማው በታች የአንድ ጎረቤታቸው ማሳ አለ። ጎረቤትየው በክንድ ለማትሞላ ድንበር ከአባ ጋር ለዓመታት ሲነታረክ የኖረ ሰው ነው። ያን ሰሞን በርበሬውን መሬት ላይ አስጥቶ ነበር፤ ማሳው ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ ሆኖ። በላዬ የተነሣውን ነገር መጀመሪያ ያነሣው እሱ ነው።

«አባ፣ ይቅርታዎን» አለ አንድ ጠዋት፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ። «መምህሩ ማማው ላይ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ነፋስ አይተው ያውቃሉ?»

«ምን ለማለት ነው?»

«እኔ ምንም ማለቴ አይደለም። ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ስለ ነፋስ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ይውላል። ነፋሱም ጠፋ። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ማስቀመጤ ነው።»

«አያ፣ እኔ የምማረው ነፋስ የዋልታ ነው» አልኩ። «ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም። እጅግ ሩቅ፣ እጅግም ከፍ ያለ ነው።»

«አየህ» አለ ወደ አባ ዞሮ። «ወዴት እንደሄደ ያውቃል።»

እስከ ማታ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን መምህሩ ከማማው ይውረድ አለ። ሌላው ወገን ከወረደማ ነፋሱን ማን ይጠራዋል፤ እንዲያውም ሳይወርድ ይዋል አለ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታረቁ። ማማው ላይ እንድወጣ፣ ስልኩን ግን ደመናው ወዳለበት ወደ ምዕራብ እንዳላዞር ተወሰነ። ውሳኔው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስረዳሁ። በጥሞና አዳመጡኝና አመሰገኑኝ፤ ውሳኔውም ጸና።

ይሄ አላስችል አለኝ። ሰው የሚሳሳተው ስላላየ ነው ብዬ ስለማምን ላሳያቸው ወሰንኩ። በአውድማው ዳር እርጥብ ገለባ አስከምሬ እሳት ለኮስኩበት። ወፍራም ጭስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጣ። እስከ ባሕር ዛፉ ጫፍ ድረስ አልተነቃነቀም። ከጫፉ እኩል ሲደርስ በድንገት ወደ ምሥራቅ ታጠፈ። ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ ወደ ምዕራብ ተመለሰ። ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ጭሱ እንደ ተጠቀለለ ፀጉር ትንንሽ ቀለበት እየሠራ ይሰበር ነበር።

ዕንባዬ መጣ። ለሳምንታት በሥዕል ብቻ ሳየው የነበረው ነገር በአባ አውድማ ላይ ቆሟል። «ፍትጊያው ያ ነው» አልኩ እየጠቆምኩ። «ዋልታው ላይ ሞገዱን የሚሰብረው እንዲህ ያለው ነው። እዚህ ግን ትንሽ ነው፤ እዚያ ሰማይ ያክላል።»

ሰዉ ሁሉ አንጋጠጠ። መጀመሪያ የተናገሩት አባ ናቸው።

«ስለዚህ ነፋሱ አልጠፋም።»

«አልጠፋም አባ።»

«ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ነው ያለው።»

«ልክ ነው።»

«ጉም አይዘገንም ይባላል። ነፋስ ግን በላይዳ ይዘገናል» አሉ። «እሱ ካልወረደ እኛ እንውጣለት።»

ከአውድማው አጠገብ ጉብታ አለ። ማማው ጉብታው ላይ ቢቆም ከባሕር ዛፉ ጫፍ እኩል እንደሚደርስ ሁሉም በዓይኑ ለካ። እኔም ለካሁ። ልክ ነበሩ። ከፍታውን በተመለከተ ምንም ስሕተት አላገኘሁባቸውም።

በማግስቱ ማማውን ለማምጣት ሲሄዱ እኔ ላዩ ላይ ነበርኩ። የኮርሱ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ በሚኖርበት አገር ያየውን ሞገድና ፍትጊያ በአጭሩ ማቅረብ አለበት፤ ተራዬም ደርሷል። የሰፈሩ ጎረምሶች በአራቱም ባላ ሥር ገቡ።

«ልውረድ?» አልኩ።

«ተቀመጥ መምህር፤ ትምህርትህን አታቋርጥ» አለኝ አንዱ። «ዝንጀሮ ከነበቆሎው የሚሸከም ትከሻ አንተ አትከብደውም።»

አነሡት። ማማው ከነእኔ በእርሻው መሐል ይጓዝ ጀመር። ስልኬ ላይ ሌሎቹ ተማሪዎች በየነጭ ግድግዳቸው ፊት ተቀምጠዋል። የኔ ሥዕል ላይ አድማሱ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል፤ ጮቄ ብቅ ብሎ ይጠፋል። አስተማሪዋ ከሰሜን አገር የሆነች ትዕግሥተኛ ሴት ናት። መርከብ ላይ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ የእህል መጠበቂያ ላይ ነኝ፣ እየተሸከሙኝ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና ቀጥል አለችኝ። ስለ ጭሱ አቀረብኩ። ከታች ግራው፣ ቀኙ፣ ቀስ፣ ጉድጓድ አለ እያሉ ይጯጯሁ ነበር።

ጉብታው ላይ ተከሉት። እመይቴ ሰፌዳቸውን ይዘው መሰላሉን ወጡ። «ወንድ ጤፍ ሲያዘራ ድንጋይ የሚወረውር ይመስለዋል» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ምርቱን በእንቅብ አድርገው በገመድ ላኩላቸው። እመይቴ ሰፌዱን ከፍ አድርገው አንጓለው ለቀቁት።

እብቁ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ከታች እልል አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። ግን ጤፍ ጤፍ ነው፤ ከዚያ የሚያንስ እህል እግዜር አልፈጠረም። ከዚያ ከፍታ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ለመሬት ሲቀርብ ብቻ ነው። እብቁን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ዝቅ ሲል ነፋስ የሌለበት ውስጥ ገባና ሁለቱም ባሉበት አብረው ረገፉ። የረገፉት በጎረቤትየው ቀይ በርበሬ ላይ ነው።

እመይቴ ሁለተኛውን ሰፌድ ለመልቀቅ እጃቸውን አንሥተው ሳለ ጎረቤትየው በርበሬውን እየረገጠ መጣ።

«ማንም እንዳይነካው» አለ። «በማሳዬ ላይ ጤፍ ዘንቧል።»

«የኔ ጤፍ ነው» አሉ አባ።

«ከሰማይ ነው የወረደው። ከሰማይ የወረደ ደግሞ የወረደበት ሰው ነው። ባለፈው ክረምት በረዶው እኔ ማሳ ላይ ሲወርድ የኔ ነው ብለው የወሰዱት ሰው አላየሁም።»

«በረዶውን ማን ሰፈረው? ይሄ ከሰፌድ ነው የወረደው።»

«ሰፌዱ የት ነበር? ሰማይ ላይ። መምህር፣ አንተ ተናገር። እዚያ ያላችሁበት ሰማይ ነው ምድር?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ስለነበር ሳላስብ መለስኩ። ከባቢ አየር ከመሬት ገጽ እንደሚጀምር፣ ስለዚህ በትክክል ከተነጋገርን ሁላችንም ሁልጊዜ ሰማይ ውስጥ እንዳለን ነገርኩት። እመይቴ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩኝ።

«ከሁለቱ ወገን የየትኛው ነህ?» አሉኝ በቀስታ።

ክርክሩ ቀጠለ። የበርበሬና የጤፍ ሕግ ተጠቀሰ፤ የድንበሩ ነገር እንደገና ተነሣ፤ የሁለቱ አያቶች ተወቀሱ። እኔ የማስረዳው ሰው አጥቼ ወደ ምዕራብ ዞርኩ። ስልኩንም ሳላስበው አብሬ አዞርኩት። ደመናው ከበስተሥሩ ጠቁሮ፣ ግራጫ መጋረጃ ወደ መሬት ለቆ አየሁት። ከመጋረጃው ፊት ደግሞ አቧራ በአንድ ረድፍ ተነሥቶ ይመጣል። ሩቅ ያሉት ባሕር ዛፎች ተራ በተራ ያጎነብሱ ነበር፤ መጀመሪያ የወንዙ ማዶዎቹ፣ ከዚያ የወዲህኞቹ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዝናም ከደመና ሲወርድ አየሩን አቀዝቅዞ አብሮት ይጥለዋል። የወደቀው አየር መሬት ሲነካ እንደ ተደፋ ውሃ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ከዝናሙም ቀድሞ ይደርሳል። አባ ጀርባቸውን የሰጡት ደመና የለመኑትን ነፋስ ከፊቱ እየነዳ ነበር።

«ነፋስ መጣ» አልኩ። «ከታች ነው የሚመጣው። ዝናሙ ከኋላው አለ። ወደ አውድማው ሩጡ።»

በሕይወቴ ሳላብራራ የተናገርኩት ነገር ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እመይቴ ከመሰላሉ ወርደው ሲያበቁ ቀዝቃዛው ነፋስ ፊቴን መታኝ። መሰላሉ ወደቀ። እኔ ላይ ቀረሁ።

አባ ላይዳቸውን አንሥተው መሮጥ ሲጀምሩ ዞር ብለው ጎረቤታቸውን አዩት። እሱ በርበሬው መሐል እንደቆመ ነው።

«ጤፉ ያንተ ነው አላልክም?» አሉት።

«ነው እንጂ። የወረደብኝ የኔ ነው።»

«የወረደው ካልወረደው ጋር አንድ ምርት ነው። ድርሻ ካለህ ና አዝራ። ሸራህንም ይዘህ ና።»

ጎረቤትየው በቃሉ ተያዘ። ድርሻ የለኝም ካለ ክርክሩ ይጠፋል፤ አለኝ ካለ ላይዳ መያዝ አለበት። በርበሬውን አየ፤ ደመናውን አየ። ከዚያ ሚስቱን ተጣራና በርበሬውን ከነጤፉ ወደ ጆንያ ጠራርገሽ አግቢ ብሎ፣ በርበሬ የሚሸፍንበትን ትልቁን ሸራ እየጎተተ አውድማው ላይ ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ መሬት መሬቱን፣ ሳያወላውል ይነፍስ ነበር። ላይዳዎቹ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። እብቁ እንደ ቢጫ ጭጋግ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ጤፉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አባና ጎረቤታቸው ጎን ለጎን ቆመው ያዘራሉ።

«ቀኝህን አስተካክል፤ እኔ ላይ ነው የምትበትነው» አሉ አባ።

«እርስዎ ነዎት ድንበሬን ያለፉት» አለ ጎረቤትየው፣ ላይዳውን ሳያቆም።

እኔ በበኩሌ ስለሚወድቀው አየር እያብራራሁ ነበር። ከታች የሚሰማኝ አልነበረም፤ ስልኩ ላይ ግን አስተማሪዋ ነበረች። ካሜራዬ በእብቅ ተሸፍኖ ምንም እንደማይታያት፣ ድምፄ ግን በጣም ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ።

የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ሸራው በጤፉ ላይ ተዘርግቶ ዳርና ዳሩ በድንጋይ ተጭኗል። ከዳር የቀረ ጥቂት ገለባና ግርድ ረጠበ። እኔም ረጠብኩ። አባ ሸራው ላይ ዝናሙ ሲንጣጣ ቆመው አዳመጡ። ደመናውን ቀና ብለው ሲያዩት ያየሁት በዚያ ሰሞን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«መምህር» አሉኝ ወደ ማማው አንጋጠው። «ወርቁ ይሄ ነበር?»

«መሰላሉን ቢያቆሙልኝ ላስረዳዎ እችላለሁ አባ።»

«ግድ የለም፤ ገብቶኛል» አሉና መሰላሉን አቆሙልኝ።

ጎረቤትየው በበርበሬው ላይ የወረደውን ጤፍ ወሰደ፤ አባም መረቁለት። ለይቶ ማውጣት ግን አልቻለም። ሚስቱ አብራ ወቅጣ አስፈጨችው። ዓመቱን ሙሉ እነሱ ቤት የቀረበ ወጥ ምንም ሳይጨመርበት ጠጠር ይላል፤ እንግዳም የወጡ መወፈር ምሥጢሩ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ከዋልታ የመጣ ነው ይላሉ።

ማማው ከጉብታው አልተመለሰም። በቆሎው ከዚያ አይታይም፤ ዝንጀሮም አይደርስበትም። ይመለስ ብዬ ስጠይቅ ቦታውን ያገኘ ነገር አይነቀነቅም ተባልኩ። በዚህ ዓመት ጤፉ መበራየት ሲጀምር አባ በሬዎቹን አቁመው ወደ እኔ መጡ።

«ትምህርትህ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«አልቋል እኮ አባ። ሰርተፊኬቱን አሳየሁዎት አይደል?»

አባ የባሕር ዛፉን ቅጠል ተመለከቱ። አይነቃነቅም።

«እንግዲያ ሌላ ፈልግ» አሉ።

ፈለግሁ። ክፍት ሆኖ ያገኘሁት ስለ ጥልቅ ባሕር ወለል ፍሰት የሚያስተምር ነው። ባሕር መሆኑን ስነግራቸው አባ ትንሽ ተጨነቁ፤ ውሃውስ በክረምቱ በቅቶን ነበር አሉ። ሆኖም ማማው ላይ ወጥቻለሁ፤ ፊቴንም ወደ ምዕራብ አዙሬያለሁ፤ አሁን ማንም አይከለክለኝም። ጎረቤትየው ደግሞ ትናንት በማማው ሥር ሲያልፍ ዘንድሮ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚሆን ጠየቀኝ። እንደ ከፍታው ይለያያል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ሳይሰማኝ ሄዶ በርበሬውን ቤት ውስጥ አሰጣው።